አሜሪካ ውስጥ ሥራ የለቀቀ ለምን ኢንሹራንሱንም ያጣል?

አሜሪካ ያለ ዘመዳችሁ «ሥራውን ጠልቼዋለሁ፣ ግን ብለቅ ማን ያሳክመኛል?» ሲል ሰምታችሁ ይሆናል። ነገሩ ከየት እንደመጣ ባጭሩ እንንገራችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

👉 ፋብሪካው፦ ማርች 25 ቀን 1911 ኒውዮርክ ውስጥ ትሪያንግል የተባለ የልብስ ፋብሪካ ተቃጠለ። አንዱ መውጫ በር ተቆልፎ ነበር። 146 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ወጣት ስደተኛ ሴቶች ናቸው። ፍራንሲስ ፐርኪንስ የተባሉ የሠራተኛ መብት ተሟጋች ሰዎች ከፎቅ ሲዘሉ በዓይናቸው አዩ።

👉 ሕጉ፦ እኚህ ሴት በ1933 የሠራተኛ ሚኒስትር ሆኑ፤ ከዚያ በፊት አሜሪካ ሴት ሚኒስትር አልነበራትም። በ1935 የጡረታ ሕግ፣ በ1938 ደግሞ የደመወዝ ወለል መጣ፤ በሰዓት 25 ሳንቲም። ለሁሉም የሚሆን የጤና ኢንሹራንስ ግን ሳይገባበት ቀረ።

👉 ጦርነቱ፦ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ወንዱ ዘመተ፣ ፋብሪካው ሰው አጠረው። መንግሥት ደግሞ የዋጋ ንረት ስለፈራ በ1942 የደመወዝ ጭማሪን ገደበ። የጤና ኢንሹራንስ ግን ገደቡ ውስጥ አልተካተተም። አሠሪዎች ቀዳዳዋን አገኙ፦ ደመወዝ መጨመር ባይችሉም «እናሳክምሃለን» እያሉ ሠራተኛ መሳብ ጀመሩ። በኋላ ጥቅሙ ከግብር ነፃ መሆኑ በሕግ ሲጸና፣ ልማድ ሆኖ ቀረ።

በ1965 ለአረጋውያንና ለድሆች የመንግሥት ኢንሹራንስ መጣ። ሌላው ግን ዛሬም በብዛት የሚታከመው በአሠሪው በኩል ነው። በግል መግዛት ይቻላል፣ ብዙዎች ግን ዋጋውን አይችሉትም።

እና ዘመዳችሁ ያን ሥራ የሙጥኝ ቢል አትፍረዱበት። ለጦርነት ጊዜ የተዘየደች መላ ናት እስከዛሬ ያሰረችው።