ተራራውን ወረቀት ላይ ማየት

እናንተዬ፣ መንገዱ ያልተወሰነ ውድድር እንዳለ ታውቃላችሁ? መነሻና መድረሻ አለው፤ መሃሉ ላይ ግን ቀስት የለ፣ ገመድ የለ፣ «በዚህ እለፉ» የሚል አስተናባሪ የለ። አድቬንቸር ሬሲንግ ይሉታል። የጀማሪ ቁልፉ እግር ሳይሆን ካርታ መሆኑ ሲገባኝ ዝም ማለት አቃተኝ፤ ኑ ላሳያችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡድናችሁ ካርታ ይሰጠዋል፤ ብዙ ጊዜም መነሻው ሲቃረብ። ካርታው ላይ ቼክ ፖይንት የሚባሉ ነጥቦች አሉ። እነሱን ፈልጎ እያገኙ ማለፍ ነው፤ ከፊሉን በእግር፣ ከፊሉን በተራራ ብስክሌት፣ ከፊሉን ታንኳ እየቀዘፉ። ጂፒኤስ አብዛኛውን ጊዜ ክልክል ነው። በየት በኩል እንደምትሄዱ የምትመርጡት እናንተው ናችሁ!

ታዲያ ተራራው ወረቀት ላይ እንዴት ይታያል? ኮንቱር የሚባሉ ቀጫጭን ቡናማ መስመሮች አሉ። የኮንሶን እርከን አስቡ። አንዱን እርከን ይዛችሁ ብትሄዱ ተራራውን ትዞራላችሁ እንጂ ሽቅብም ቁልቁልም አትሉም። ወደሚቀጥለው ከተሻገራችሁ ግን ወጣችሁ ማለት ነው። እያንዳንዱ መስመር እንደዚያ እርከን ነው! ከተጠጋጉ ገደል ቀረሽ ዳገት፣ ከተራራቁ ለጥ ያለ ሜዳ። ይሄ የገባችሁ ጊዜ፣ ወይ ጉድ፣ ጠፍጣፋው ወረቀት ጉብ ጉብ እያለ ይነሳል!

አሁን እንሞክረው። በ1፡50,000 ካርታ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለት ነጥቦች 4 ሳንቲ ሜትር ተራርቀዋል እንበል፤ ስለዚህ 2 ኪሎ ሜትር። ቀላል ይመስላል። መሃል ላይ ግን ጉብታ አለ፤ ጫፉ ለመድረስ 15 መስመር መሻገር ያስፈልጋል። ከመስመር መስመር ያለው ከፍታ 20 ሜትር ከሆነ 300 ሜትር ሽቅብ ነው! በጎን ደግሞ ጉብታውን የሚዞር የ3 ኪሎ ሜትር ሜዳ መንገድ አለ። የቱ ይሻላል?

ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት አለ። ዛሬ በሜትር ሲነገር፣ ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት ያዙ፤ ለ600 ሜትር ዳገት ሌላ 1 ሰዓት ጨምሩ። ቀጥታው 24 ደቂቃ፣ ዳገቱ 30፤ ድምር 54። ዙሪያው ግን 36 ብቻ! አያችሁ? ካርታ የሚያነብ ቡድን ጉልበተኛውን የሚቀድመው እዚህ ጋ ነው።

ሌላም አለ፤ ቡድኑ አብሮ ነው የሚጨርሰው። አንዱ ቀድሞ ቢደርስ ምንም አይጠቅምም! ስለዚህ ብርቱው የደከመውን ሻንጣ ይሸከማል፤ አንዳንዴም በላስቲክ ገመድ አያይዞ ይጎትተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1989 ኒውዚላንድ ላይ የተጀመረው ሬድ ጎሎአዝ የተባለ ውድድር ቀናት ይፈጅ ነበር፤ እንደዚያ ያሉትን ለጊዜው ተዉአቸው። ለጀማሪ ጥቂት ሰዓታት የሚወስዱ አጫጭር ውድድሮች አሉ። ብስክሌት፣ ሄልሜት፣ ኮምፓስ፣ ውሃና ስንቅ ይዛችሁ ትገባላችሁ።

ከዚያ በፊት ግን ካርታና ኮምፓስ ይዛችሁ በምታውቁት ኮረብታ ላይ ቁሙ። የካርታው ሰሜን ከኮምፓሱ መርፌ ጋር እስኪገጥም ወረቀቱን አዙሩት። አሁን ካርታው ላይ በቀኝ ያለው ሁሉ መሬቱም ላይ በቀኛችሁ ነው! በሉ አንድ ነጥብ ምረጡና በየት በኩል እንሂድ ብላችሁ ተከራከሩ።