የውሃ ቀለም ከጡረታ በኋላ

በእጁ ጥበብ የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ የሚቀርበት ደመወዙ ብቻ አይደለም፤ «ይህን ሥራልን» የሚለው ድምፅም ይቀርበታል። የመጽሐፍ ሽፋን ሲነድፍ፥ የቴአትር መድረክ ሲያስጌጥ ወይም ሥዕል ሲያስተምር ቆይቶ 60 ዓመት የሞላው ሰው፥ በማግስቱ ማለዳ ሲነሣ እጁ ሥራ ይፈልጋል፤ አዛዥ ግን የለውም። አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ሠልጥነው ለዚህ ዕድሜ የደረሱ አባቶችና እናቶች አሉንና፥ ነገሩ የሩቅ አይደለም።

ለእንዲህ ያለው ሰው የውሃ ቀለምን እናመለክታለን። ዕቃው ጥቂት ነው፤ አንዲት የቀለም ሣጥን፥ ሁለት ብሩሽ፥ አንድ ብርጭቆ ውሃና ወፍራም ወረቀት ይበቃል። ወረቀቱ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ቢሆን ውሃ ሲነካው ብዙ አይጨማደድም። ቀለሙን ከወረቀት የሚያጣብቀውም በሀገራችን ቆላ የሚለቀመው የግራር ሙጫ ነው።

ነገር ግን ይህ ሥራ ለአዋቂ እጅ ፈተና አለበት። በዘይት ቀለም የሠራ ሰው የተሳሳተውን በላዩ ደርቦ ያርማል፤ ነጩንም ቀለም በመጨረሻ ያኖራል። በውሃ ቀለም ግን ነጩ ራሱ ወረቀቱ ነው፤ ብርሃን እንዲታይ የሚፈለገው ስፍራ ሳይነካ ይተዋል፤ ከፈዛዛው ተጀምሮ ወደ ጥቁሩ ይኬዳል። ስለዚህ 40 ዓመት መምህር የተባለ ሰው እንደ ገና ጀማሪ ይሆናል። ብዙዎችን ከብሩሹ የሚያሸሻቸው የእጅ መድከም ሳይሆን ይህ ኀፍረት ይመስለናል።

ስመ ጥሩው አሜሪካዊ ሠዓሊ ጆን ሲንገር ሳርጀንት እ.ኤ.አ. በ1907 ዓ.ም. ገደማ፥ ዕድሜው 51 ሲሆን፥ ባለጠጎች እየከፈሉ የሚያሠሩትን የመልክ ሥዕል ትቶ፥ ቀድሞም ይወደው ወደ ነበረው የውሃ ቀለም አዘነበለ። ድንጋይን፥ ጀልባንና ጥላን ያለ አዛዥ ሣለ። እ.ኤ.አ. በ1909 ዓ.ም. የብሩክሊን ቤተ መዘክር ከእነዚህ ሥዕሎች 83 ገዛ። እኛ የምናደንቀው ግን ሽያጩን ሳይሆን፥ የተከበረበትን ሥራ ለመተው መድፈሩን ነው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚኖር ጡረተኛ ደግሞ ትምህርቱ ከደጁ ነው። በሰበታ ያለ ሰው የወጨጫን ተራራ ይመልከት፤ በመካከል ያለው አየር ብርሃንን ስለሚበትን የራቀው ሸንተረር እየፈዘዘ ሰማያዊ ይመስላል፤ እርሱንም ብዙ ውሃ በገባበት ቀለም ይሣል። የቡራዩ ነዋሪ ወደ ገፈርሳ ግድብ ወርዶ፥ ሰማይ በውሃው ላይ ሲያርፍ ያጥና። ሱሉልታ ያለውም በመስከረም አደይ አበባ በሜዳው ላይ ሲፈነዳ፥ አበባውን አንድ በአንድ ከመቁጠር ይልቅ በእርጥብ ወረቀት ላይ ቢጫውን ይልቀቀው። በክረምት ወረቀቱ ቶሎ አይደርቅምና መታገሥ ያሻል፤ በበጋ ፀሐይ ግን ቶሎ ስለሚደርቅ ጥላ ሥር መሥራት ይሻላል።

የቤተ ሰብም ድርሻ አለ። በመስኮት አጠገብ አንዲት ጠረጴዛ ለእርሳቸው ትለቀቅ። «አባባ፥ ይህ ስንት ያወጣል?» ብሎ መጠየቅ ግን ትቶ ያመለጡትን አዛዥ መልሶ ቤት ማስገባት ነውና ይቅር። ይልቁንም የልጅ ልጅ አጠገባቸው ተቀምጦ የራሱን ወረቀት ያርጥብ። ሁለቱም ጀማሪዎች ናቸውና እርስ በርሳቸው አይተፋፈሩም።

የመጀመሪያዎቹ ሃያ ወረቀቶች ቢበላሹ አያሳዝንም። በሃያ አንደኛው ላይ አንድ ነጭ ስፍራ ሳይነካ ከቀረና ብርሃን መስሎ ከታየ፥ ያ እጅ ሥራ አግኝቷል።