የቤተሰብ ሐኪም እና የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ፦ ተገልጋዩ ከየት ይጀምር?

ጎሕ ሳይቀድ በትልልቅ ሆስፒታሎች በር ላይ ረጅም ሰልፍ መታየቱ የተለመደ ነው። ከተሰለፉት መካከል ከሩቅ አካባቢ በሪፈራል የመጡ፣ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ያላቸው እና የስፔሻሊስት ሐኪም ምርመራ የግድ የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ይገኛሉ። በዚያው ሰልፍ ውስጥ ግን የደም ግፊታቸውን ለመለካት፣ የጨጓራ ሕመማቸውን ለመታየት ወይም የጀመሩትን መድኃኒት ለማስቀጠል የመጡም ጥቂት አይደሉም። እነዚህ ተገልጋዮች የሚፈልጉትን አገልግሎት በመኖሪያ አካባቢያቸው በሚገኝ ጤና ጣቢያ ማግኘት ይችሉ ነበር።

ይህ ጽሑፍ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ በአገራችን እንዴት እንደተዋቀረ፣ የቤተሰብ ሐኪም እና የቤተሰብ ጤና ቡድን ምን እንደሚሠሩ፣ የሪፈራል እና የጤና መድኅን አሠራር ምን እንደሚመስል፣ እንዲሁም ተገልጋዩ አገልግሎቱ ሲጓደልበት ወዴት ማቅረብ እንደሚችል ያብራራል።

የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ ምንድን ነው?

የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ ማለት ሰዎች በሚኖሩበትና በሚሠሩበት አካባቢ፣ በሽታ ከመከሰቱ በፊት ጀምሮ፣ በቀጣይነት የሚያገኙት አገልግሎት ነው። የጤና ትምህርትን፣ ክትባትን፣ የእናቶችንና የሕፃናትን ክትትል፣ የተለመዱ ሕመሞችን ምርመራና ሕክምና፣ የረጅም ጊዜ ሕመሞችን ክትትል ያጠቃልላል። የዓለም አገራት እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ ባደረጉት ጉባኤ ይህ አገልግሎት የጤና ሥርዓት መሠረት እንዲሆን የተስማሙ ሲሆን፣ ከ40 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 በአስታና ቃላቸውን አድሰዋል።

በኢትዮጵያ የዚህ አገልግሎት ዋነኛ ምሰሶ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። በፕሮግራሙ መሠረት በየገጠር ቀበሌው በሚገኝ ጤና ኬላ በአብዛኛው 2 ሴት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ተመድበው፣ በኬላው ውስጥና ቤት ለቤት በመዘዋወር አገልግሎት ይሰጣሉ። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ በ2002 ዓ.ም. ተጀምሯል።

የትኛው አገልግሎት በየትኛው ተቋም ይገኛል?

የአገሪቱ የጤና አገልግሎት በሦስት ደረጃዎች የተዋቀረ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ጤና ኬላን፣ ጤና ጣቢያን እና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልን ይይዛል።

ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ሲሆን፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የክትባት፣ የሥነ ምግብ ክትትል እና ለሕፃናት የተለመዱ ሕመሞች ሕክምና ይሰጣል።

ጤና ጣቢያ በገጠር ከ15,000 እስከ 25,000፣ በከተማ እስከ 40,000 ለሚደርስ ሕዝብ የሚያገለግል ነው። የተመላላሽ ሕክምና፣ የማዋለድ አገልግሎት፣ የላብራቶሪ ምርመራ፣ የሳንባ ነቀርሳ እና የኤች አይ ቪ ሕክምና፣ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ክትትል ከሚሰጣቸው አገልግሎቶች መካከል ይጠቀሳሉ። በገጠር አንድ ጤና ጣቢያ በሥሩ አምስት ያህል ጤና ኬላዎችን እንዲደግፍ ተደርጎ ተደራጅቷል።

የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚደርስ ሕዝብ የተኝቶ ሕክምና እና የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና፣ በቀዶ ሕክምና ማዋለድን ጨምሮ፣ ይሰጣል።

ከዚህ በላይ ያሉት ሁለተኛው ደረጃ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ሦስተኛው ደረጃ ደግሞ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ናቸው። አንድ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ አንድ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግሉ የታሰቡ ናቸው። በጤና ጣቢያ ሊታይ የሚችል ሕመም ወደ እነዚህ ሆስፒታሎች በቀጥታ ሲሄድ ሰልፉ የሚረዝመው፣ ለከባድ ሕሙማን የሚሰጠው ቀጠሮም የሚርቀው በዚህ ምክንያት ነው።

የቤተሰብ ሐኪም እና የቤተሰብ ጤና ቡድን

የቤተሰብ ሐኪም በአንድ የሰውነት ክፍል ወይም በአንድ የዕድሜ ክልል ላይ ብቻ የሚያተኩር ባለሙያ አይደለም። ሕፃኑንም፣ እናቲቱንም፣ አረጋዊውንም ያያል፤ የቤተሰቡን የጤና ታሪክ፣ የኑሮ ሁኔታና የቆየ ሕመም አያይዞ ይመረምራል። በዘርፉ ልዩ ሥልጠና የሚሰጠው የቤተሰብ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ሲሆን፣ ለሦስት ዓመታት የሚሰጥ ነው።

የእነዚህ ስፔሻሊስቶች ቁጥር ለሁሉም ጤና ጣቢያ የሚዳረስ ባለመሆኑ፣ ተመሳሳይ አገልግሎት በቡድን እንዲሰጥ እየተደረገ ነው። በአዲስ አበባ በተጀመረው የቤተሰብ ጤና ቡድን አሠራር ሐኪም ወይም የጤና መኮንን፣ ነርስ፣ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እና ሌሎች ሠራተኞች በአንድነት ተደራጅተው የተወሰነ አካባቢ ነዋሪዎችን ኃላፊነት ይረከባሉ። ቡድኑ አባወራዎችንና እማወራዎችን በኑሮ አቅማቸውና በጤና ፍላጎታቸው ለይቶ ይመዘግባል፤ አቅም ለሌላቸው፣ ለአልጋ ቁራኛ ሕሙማን፣ ለነፍሰ ጡሮች እና ለአረጋውያን ቅድሚያ በመስጠት እስከ ቤታቸው ድረስ ይሄዳል።

የዚህ አሠራር ዋና ጥቅም ተገልጋዩ በሄደ ቁጥር ታሪኩን ከመጀመሪያው እንዳይጀምር ማድረጉ ነው። የሚያውቀው ባለሙያ አለ፤ የተጻፈ ማኅደር አለ።

በአቅራቢያ ያለውን ተቋም ማለፍ ምን ያስከትላል?

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ የ55 ዓመት አባወራ አልፎ አልፎ ራሱን ያመዋል እንበል። በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ከመሄድ ይልቅ ሕመሙ ሲብስበት ብቻ ወደ ከተማ ሆስፒታል ይሄዳል። የትራንስፖርት ወጪ ያወጣል፤ የሥራ ቀን ያጣል፤ ተሰልፎ ይውላል። ደም ግፊቱ ከፍ ማለቱ ተነግሮት የአንድ ወር መድኃኒት ይዞ ይመለሳል። መድኃኒቱ ሲያልቅ ሕመሙ ስለተወው፣ መንገዱም ስለራቀበት ያቋርጠዋል።

የደም ግፊት ግን በአብዛኛው ምልክት ሳያሳይ ይቆያል። ሕመም አለመሰማት ግፊቱ መውረዱን አያረጋግጥም። ክትትል የተቋረጠበት ከፍተኛ የደም ግፊት በጊዜ ሂደት የልብና የኩላሊት ጉዳት እንዲሁም በአንጎል ውስጥ የደም መፍሰስ ወይም የደም ሥር መዘጋት ያስከትላል። የቤተሰቡ አስተዳዳሪ እጅና እግሩ ሲሰንፍ፣ አንደበቱ ሲተሳሰር ጉዳቱ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የመላው ቤተሰብ ይሆናል።

ያው አባወራ ከመነሻው ወደ ጤና ጣቢያው ቢሄድ ኖሮ ግፊቱ ይለካል፣ ማኅደር ይከፈትለታል፣ መድኃኒት ይጀመርለታል። በቀጠሮው ሳይቀርብ ሲቀር የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤቱ ድረስ ሄዳ ልትጠይቀው ትችላለች። ግፊቱ በመድኃኒት አልወርድ ካለ ደግሞ ጤና ጣቢያው ራሱ ወደ ሆስፒታል ይልከዋል። የረጅም ጊዜ ሕመም ያለበት ሰው ከአንድ ጊዜ ምርመራ በላይ የሚያስፈልገው ይህ ያልተቋረጠ ክትትል ነው።

የሪፈራል አሠራር

የሕመሙ ሁኔታ ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ሲሆን ባለሙያው የሪፈራል ወረቀት ይጽፋል። በወረቀቱ ላይ የተደረገው ምርመራ፣ የተሰጠው ሕክምና እና የተላከበት ምክንያት መስፈር አለበት። ተገልጋዩ ወደ የትኛው ተቋምና ለምን እንደሚላክ የመጠየቅ መብት አለው። ሆስፒታሉ ሕክምናውን ሲያጠናቅቅ የተደረገውን ጽፎ ወደ ላከው ተቋም እንዲመልስ ይጠበቃል፤ ተገልጋዩም ይህን የመልስ ወረቀት ሳይቀበል ባይወጣ ይመከራል። ወረቀቱ ለጤና ጣቢያው ሲደርስ ክትትሉ በአቅራቢያው ይቀጥላል።

ድንገተኛ ሁኔታ ሲያጋጥም የሪፈራል ወረቀት አይጠበቅም። ከባድ የደም መፍሰስ፣ ራስን መሳት፣ ከባድ የመተንፈስ ችግር፣ የምጥ ችግር ወይም በድንገት የአካል ክፍል መስነፍ ሲከሰት ሕመምተኛው በአቅራቢያው ወዳለ፣ የድንገተኛ ሕክምና ወደሚሰጥ ተቋም መወሰድ አለበት። ሕፃን ልጅ ጡት መጥባት ወይም መጠጣት ሲያቅተው፣ የወሰደውን ሁሉ ሲያስመልሰው፣ ሲያንቀጠቅጠው ወይም ሲደነዝዝ እንዲሁ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ አገልግሎት በ907 የስልክ ቁጥር ይገኛል።

ክፍያ እና የጤና መድኅን

በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የተወሰኑ አገልግሎቶች ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። ከእነዚህም መካከል የቤተሰብ ዕቅድ፣ የእርግዝና ክትትል፣ የወሊድና የድኅረ ወሊድ አገልግሎት፣ የሕፃናት ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳና የሥጋ ደዌ ሕክምና፣ የኤች አይ ቪ ምርመራና ሕክምና ይገኙበታል። የሕፃናት መደበኛ ክትባት በልደት ተጀምሮ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ በ9ኛውና በ15ኛው ወር የሚሰጡትን ያካትታል። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ማንኛውም ሰው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ሊደረግለት ይገባል።

ለሌሎች አገልግሎቶች የሚያስፈልገውን ወጪ ለመጋራት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ተዘርግቷል። አሠራሩ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ወደ በርካታ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። አርሶ አደሮች፣ አርብቶ አደሮች እና መደበኛ ባልሆነ የሥራ ዘርፍ የተሰማሩ ዜጎች በቤተሰብ ደረጃ ተመዝግበው ዓመታዊ መዋጮ ይከፍላሉ። መርሑ ለእድርተኛ አዲስ አይደለም፤ ሁሉም በጤናው ጊዜ ያዋጣል፣ የታመመው ይታከምበታል። መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች በቀበሌያቸው ተለይተው ሲመረጡ መዋጯቸው በመንግሥት ይሸፈናል።

የመድኅኑ አባል አገልግሎት የሚጀምረው ውል ካለበት ጤና ጣቢያ ነው። የሪፈራል ሥርዓቱን ሳይከተል በቀጥታ ወደ ሆስፒታል የሄደ አባል ወጪው ሙሉ በሙሉ ላይሸፈንለት ይችላል።

ተገልጋዩ ሊያደርጋቸው የሚገቡ

1. የሚኖርበት አካባቢ የትኛው ጤና ጣቢያ ክልል እንደሆነና የአካባቢው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማን እንደሆነች ከቀበሌው ወይም ከወረዳው ማረጋገጥ፤

2. ጤነኛ በሆነበት ጊዜ ቤተሰቡን ማስመዝገብ፣ የመድኅን አባልነቱን በየዓመቱ ማሳደስ፤

3. ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ የነዋሪነት መታወቂያውን፣ የመድኅን ደብተሩን፣ የቀድሞ የሕክምና ወረቀቶቹን እና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነመያዣቸው መያዝ፤

4. የተሰጠውን መድኃኒት አወሳሰድና ቀጣይ ቀጠሮውን ሳይረዳ አለመውጣት፤

5. መድኃኒቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ተመልሶ መቅረብ እንጂ እስኪያልቅ አለመጠበቅ።

አገልግሎቱ ሲጓደል

ብዙ ተገልጋዮች ጤና ጣቢያን የሚያልፉት ያለ ምክንያት አይደለም። መድኃኒት የለም መባል፣ የላብራቶሪ መሣሪያ መበላሸት፣ የባለሙያ መጉደልና የመስተንግዶ ችግር በተደጋጋሚ የሚነሱ ቅሬታዎች ናቸው። አንድ ጊዜ መድኃኒት አጥቶ የተመለሰ ሰው ሁለተኛ ያንን በር ለማንኳኳት ቢያመነታ አይፈረድበትም። እምነቱን መልሶ የማግኘት ኃላፊነት በቅድሚያ የአገልግሎት ሰጪው ነው።

ከ2012 እስከ 2027 ዓ.ም. የሚዘልቀው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ማሻሻያ ፍኖተ ካርታ የተዘጋጀውም ይህን ክፍተት ለማጥበብ ነው። በዚህ መሠረት ከጤና ጣቢያና ከሆስፒታል የራቁ ጤና ኬላዎች በባለሙያ ተጠናክረው ሰፋ ያለ አገልግሎት እንዲሰጡ፣ ለጤና ጣቢያ ቅርብ የሆኑት ደግሞ ከጤና ጣቢያው ጋር ተቀናጅተው እንዲሠሩ ታቅዷል።

ቅሬታ ያለው ተገልጋይ በመጀመሪያ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ በቂ ምላሽ ካላገኘ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም በየደረጃው እስከ ክልል ወይም ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ ድረስ በቃልም ሆነ በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል። ቅሬታው የታጣውን አገልግሎት ወይም መድኃኒት ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ቢይዝ ለማጣራት ይረዳል። በጤና ጣቢያ ቦርድ ውስጥ የኅብረተሰቡ ተወካዮች ስለሚገኙ፣ ነዋሪዎች ጥያቄያቸውን በእነርሱ በኩልም ማድረስ ይችላሉ። ሳይነገር የታለፈ ጉድለት በዕቅድም ሆነ በበጀት ውስጥ አይገባም፤ የተነገረው ግን ኃላፊውን መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል።

የቤተሰብ ሐኪምም ሆነ የቤተሰብ ጤና ቡድን ለዜጋው የሚጠቅመው ከሕመም በፊት ሲታወቅ ነው። በመሆኑም እያንዳንዱ ቤተሰብ በአቅራቢያው የሚገኘውን ጤና ጣቢያ ወይም ጤና ኬላ ዛሬ፣ ማንም ሳይታመም፣ ለይቶ እንዲያውቅና እንዲመዘገብ ይመከራል።