የሚወልዱት ዓሦች

ዓሣ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው እንቁላሉን ውሃ ውስጥ ጥሎ የሚሄድ ፍጥረት ነው። ጋፒ፣ ሞሊ፣ ፕላቲና ሰይፍ ጅራት የሚባሉት ትናንሽ ዓሦች ግን ይለያሉ። እንቁላሉ በእናቲቱ ሆድ ውስጥ ያድግና አራት ሳምንት ገደማ ሲሆነው መዋኘት የሚችሉ፣ ምግባቸውንም ራሳቸው የሚፈልጉ ጫጩቶች ይወለዳሉ። ልጆች ይህን ሳሎናቸው ውስጥ በዓይናቸው ሲያዩ የሚጠይቁት ጥያቄ ማለቂያ የለውም።

ጋፒ ስሟን ያገኘችው ከትሪኒዳድ ደሴት ናሙና ወደ እንግሊዝ ከላከው ከሮበርት ሌክሚር ጋፒ ነው። ጀርመናዊው ፒተርስ ግን ከቬኔዝዌላ በመጣ ናሙና በ1859 እ.ኤ.አ. ቀድሞ ስለመዘገባት ሳይንሳዊ ስሟ የጋፒን ስም አልያዘም። ፕላቲና ሰይፍ ጅራት ደግሞ የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ናቸው። ሁሉም የሞቃት አገር ፍጥረቶች ናቸውና እንደ አዲስ አበባ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ደጋ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ የሚጠብቅ የውሃ ማሞቂያ ያስፈልጋቸዋል። መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በብርድ ልብስ መጠቅለል ሙቀቱን ለጥቂት ሰዓታት ያቆየዋል።

ለመሆኑ ዓሦቹ በተገዙ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ የሚሞቱት ለምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ገንዳውና ዓሦቹ በአንድ ቀን ስለሚገዙ ነው። ከዓሣው ቆሻሻና ከተረፈው ምግብ አሞኒያ የተባለ መርዝ ይወጣል። ይህን መርዝ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ አነስተኛ ወደ ሆነው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ፤ እነርሱም በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ ለመራባት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ማጣሪያው እየሠራ፣ በየቀኑ ቁንጥር ምግብ እየተጣለበት ገንዳው ያለ ዓሣ ይቆይ። ልጆችን ማስታገሱ ቀላል አይደለም! ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ የውሃውን አንድ አራተኛ ብቻ መለወጥ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት በባልዲ አንድ ቀን ሙሉ ይደር። ስፖንጁንም ከገንዳው በተቀዳ ውሃ እንጂ በቧንቧ ውሃ አትጠቡት፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይገድላቸዋል።

ድመት አስራ ሳታበላት ስለገደለችው ሴት የተነገረውን ሐዲስ ያልሰማ ቤተሰብ በመካከላችን አይኖርም። ድመት እንኳ ትጮኻለች፤ ዓሣ ግን ሲቸገር ድምፅ የለውም። ውሃው ላይ አፉን ከፍቶ የሚንሳፈፍ ዓሣ ካያችሁ አየር ወይም ንጹሕ ውሃ አጥቷል ማለት ነው። ምግብ ማብዛትም ደግነት አይደለም፤ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱት ይበቃቸዋል።

ለጀማሪ ቤተሰብ 60 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ጥሩ ነው። ውሃው ብቻ 60 ኪሎ ይመዝናልና ጠረጴዛው ጠንካራ ይሁን። እነዚህ ዓሦች ሰላማዊ ቢሆኑም ወንዶቹ ሴቶቹን ያለ እረፍት ስለሚያሳድዱ ለአንድ ወንድ ሁለት ወይም ሦስት ሴት ማድረግ ይሻላል። ከሥር ምግብ እየለቀመ የሚኖረው ኮሪዶራስ በቡድን ሲሆን ጥሩ ጎረቤት ነው። ታይገር ባርብ የተባለው ግን የጋፒን ረጅም ጅራት ይነጫል።

እናቶች የገዛ ጫጩቶቻቸውን ይበላሉ። የገንዳው ጥግ በሣርና በለስላሳ ዕፅዋት ከተሸፈነ ግን ጥቂቶቹ ተደብቀው ያድጋሉ። ጥቂት ማለታችን መጥፎ አይደለም፤ አንዲት ጋፒ በአንድ ጊዜ 30 እና 40 ልትወልድ ትችላለች፤ የወንዱንም ዘር ለወራት በሆዷ ስለምታቆይ ለብቻዋ ብትደረግ እንኳ ደጋግማ ትወልዳለች።

የተረፉትን ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ መልቀቅ ፈጽሞ አይገባም። ጋፒ ለወባ ትንኝ መከላከያ ተብላ በተወሰደችባቸው ብዙ አገሮች የአካባቢውን ዓሦች ተሻምታለች፤ የእኛ ጣና ደግሞ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች መኖሪያ ነው። ይልቅ ለጎረቤት ልጅ ስጡ፤ የተዘጋጀ ገንዳ እንዳለውም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዓሦቹን ከነበሩበት ውሃ ጋር በላስቲክ አድርጋችሁ፣ ላስቲኩን በአዲሱ ገንዳ ላይ ለሩብ ሰዓት አንሳፍፉትና ቀስ ብላችሁ ልቀቋቸው።