ሠራተኞቹ ለፍጻሜ ያበቁት ቡድን፣ ኮከቦቹ የወሰዱት ሜዳ

ለፍጻሜ ጨዋታ ሲባል ከሌላ ከተማ ተጫዋች ማስመጣት ምን እንደሚያስከትል፣ በቡለን ሜዳ ዳር ቆሞ የወረዳ ውድድር የተከታተለ ሰው ለመገመት አይቸገርም። ይህንኑ ጉዳይ የአሜሪካው የካርቱን ተከታታይ ኮሜዲ «ዘ ሲምፕሰንስ» ከ30 ዓመታት በፊት በሣቅ አሳይቶታል። «ሆመር አት ዘ ባት» የተሰኘው ክፍል በፎክስ ቴሌቪዥን የተላለፈው የካቲት 12 ቀን 1984 ዓ.ም. ነበር።

የክፍሉ ጨዋታ ቤዝቦል ነው። ዱላና ኳስ ስላለው ገናን ያስታውሳል፤ ነገር ግን በቤዝቦል መቺው የተወረወረለትን ኳስ መትቶ በሦስት መቆሚያዎች ዞሮ ወደ መነሻው ሲመለስ ነጥብ ይቆጠራል።

ሆመር ሲምፕሰን የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ሠራተኛ ነው። መብረቅ ከጣለው ቅርንጫፍ ጠርቦ በሠራው ዱላ የመሥሪያ ቤቱ ቡድን ለፍጻሜ ይበቃል። ባለሀብቱ ሚስተር በርንስ ግን ከተቀናቃኙ ማመንጫ ባለቤት ጋር በአንድ ሚሊዮን ዶላር ይወራረድና ዘጠኝ ዝነኛ ባለሙያ ተጫዋቾችን ለስሙ በማመንጫው ይቀጥራል። የሮጀር ክሌመንስ ውርወራ የሆመርን ዱላ ይሰባብራል፤ ቦታውንም ዳሪል ስትሮውቤሪ ይወስድበታል። ቡድኑን እዚህ ያደረሱት ሠራተኞች ተመልካች ይሆናሉ።

ከዚህ በኋላ ዝና ይቀለድበታል። ድምፃቸውን የሰጡት እውነተኞቹ ተጫዋቾች ራሳቸው ናቸው፤ በራሳቸው ለመሳቅ መፍቀዳቸው ክፍሉን የሚያስመሰግን ነው። ክሌመንስ በአፍዝ አደንግዝ ራሱን እንደ ዶሮ ይቆጥራል፤ ስቲቭ ሳክስ ይታሰራል፤ ማይክ ሲዮሻ በጨረር ይመረዛል፤ ዶን ማቲንግሊ በሌለ ሪዝ ሰበብ ይባረራል። ለጨዋታው የሚደርሰው ስትሮውቤሪ ብቻ ነው። እርሱም በሕፃናት ፉገራ እንባ ያወርዳል።

በመጨረሻው ዙር፣ ነጥቡ እኩል ሆኖ መቆሚያዎቹም በሯጮች ተሞልተው ሳለ፣ በርንስ ኮከቡን አስወጥቶ ሆመርን ያስገባል። ምክንያቱ ስሌት እንጂ አክብሮት አይደለም፤ ለግራኝ ወርዋሪ ቀኝ እጁን የሚጠቀም መቺ ይሻላል ብሎ ነው። ሆመርም አንድ ኳስ ሳይመታ ኳሱ ጭንቅላቱን መትቶ ይጥለዋል። በደንቡ መሠረት የተመታ ተጫዋች ወደ መጀመሪያው መቆሚያ ስለሚያልፍ፣ ከፊቱ ያሉት ሯጮች ይገፉና የድሉ ነጥብ ይቆጠራል። ጀግናው ራሱን ስቶ በጓደኞቹ ትከሻ ላይ ይወጣል።

በኩፐርስታውን የሚገኘው የቤዝቦል የዝነኞች አዳራሽ ግንቦት 19 ቀን 2009 ዓ.ም. በይፋ ሥነ ሥርዓት ያከበረው ይህንኑ የካርቱን ሠራተኛ፣ ሆመርን ነበር።