የዩኒቨርሲቲና የመድኃኒት ኩባንያ ጋብቻ፦ ከአውሮራ እስከ እንዶድ

ዴንቨርና አውሮራ ከምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል በኮልፋክስ ጎዳና ላይ ያለውን የአንሹትዝ የሕክምና ግቢ የማያውቅ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ሳንባ ነቀርሳ ለያዛቸው ወታደሮች የተከፈተው የፊትዝሲሞንስ ጦር ሆስፒታል በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲዘጋ፣ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤቱን ከዴንቨር ወደዚያ አዛወረ። በአጠገቡም የባዮቴክ ኩባንያዎች ሰፈሩ። ጉርብትናው በአጋጣሚ የመጣ አይደለም።

አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። አልማዝ ባለጭራን የሚከላከለው ዞስታቫክስ የተባለ ክትባት የመርክ ኩባንያ ምርት ቢሆንም፣ ከጀርባው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማይረን ሌቪን ምርምር አለበት። በ2005 ይፋ የሆነው፣ ከ38 ሺህ በላይ አረጋውያን የተሳተፉበት ጥናት ክትባቱ በሽታውን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ክትባቱ በ2006 ተፈቀደ፤ የተሻለ ሲገኝ ደግሞ በ2020 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ፋብሪካ የለውም፤ ኩባንያም ብቻውን ያን ሁሉ ዕውቀት አያፈራም።

ለዚህ ጋብቻ በር የከፈተው የ1980ው የቤይ-ዶል ሕግ ነው። በመንግሥት ገንዘብ የተገኘ ግኝት የዩኒቨርሲቲው ንብረት እንዲሆን ፈቀደ፤ ከገቢውም ለተመራማሪው እንዲያካፍል አስገደደ። ተቺዎች ግን ሕዝቡ በግብሩ ያስመረመረውን መድኃኒት መልሶ በውድ ይገዛል ይላሉ።

የእኛስ? ዶ/ር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ግርጌ ቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ተጠቃሚው ድሃ ገበሬ ነበርና ኩባንያዎች አልተሻሙበትም። በ1990ዎቹ ግን እንዶድ የአሜሪካን የውኃ ቧንቧዎች የሚደፍን ዛጎል ለበስ ፍጥረት እንደሚገድል ሲታወቅ፣ በኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ፓተንት አወጣበት። ዶ/ር አክሊሉ ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው ተመዝግበዋል። እንዶድን ለዘመናት ያወቁት እናቶች ግን በመዝገቡ ላይ የሉም።

ስለዚህ ክርክራችን ጋብቻው ይፍረስ አይደለም፤ ውሉ በአደባባይ ይነበብ ነው። በአውሮራ ለመድኃኒት ሙከራ የሚጠየቅ ወገናችን ከመፈረሙ በፊት ገንዘቡን ማን እንደሚከፍል፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚያሳክም በቋንቋው ይጠይቅ። ኩባንያዎች ለሐኪሞች የሚከፍሉትንም የአሜሪካ መንግሥት ከ2014 ጀምሮ በይፋ ያወጣል። የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም ከውጭ ኩባንያ ጋር የሚፈራረሙትን ሕዝብ እንዲያየው ልንጠይቅ ይገባል። እንዶድ አንዴ አምልጦናል፤ ሌላው ሲያመልጥ ግን አላወቅንም ማለት አንችልም።