የቤታችንም ኬላ ጠባቂ ያስፈልገዋል

የመተማ ስም በተነሣ ቁጥር በሰው ሁሉ ልብ የሚታሰበው ኬላው ነው። ከጎንደር ወደ ሱዳን የሚወርደው የነጋዴ መንገድ ለብዙ ዘመን በዚሁ በር ሲያልፍ ኖሯል፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም በ1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ለሞት ያበቃቸውን ቁስል የተቀበሉት በዚሁ ነው። በ2015 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ደግሞ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ነፍሱን ለማዳን በዚህ በር ገብቷል። ስለዚህ የጠረፍ ሰው በር ማለት ምን እንደሆነ፣ ማንን አስገብቶ ማንን መመለስ እንደሚገባ ያውቃል።

በዘመናችን ግን በየቤታችን ውስጥ ሌላ ኬላ ቆሟል። ይኸውም ራውተር የሚባለው ትንሽ ሣጥን ነው። በቴሌፎን ሽቦ፣ በፋይበር ወይም በሲም ካርድ የመጣውን ኢንተርኔት ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ፣ ለስልኩና ለቴሌቪዥኑ ያከፋፍላል። ሥራውም እንደ ኬላ ሹም ነው፤ ከቤት የወጣውን ጥያቄ መዝግቦ ይይዝና መልሱ ሲመጣ ለባለቤቱ ያደርሳል፤ ሳይጠራ የመጣውን ግን ይመልሳል።

«ኬላ ካለ ታዲያ ስለምን እንሰጋለን?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው፤ ቁልፉ በሁሉ እጅ የሆነ በር በር አይባልም። ብዙ ራውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ማንም በሚያውቀው ስምና የምሥጢር ቃል ይመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ተንኰለኛ ፕሮግራም እንደዚህ ያሉ 60 ያህል የታወቁ ቃላትን እየሞከረ በዓለም ላይ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ማረከ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር በእነዚሁ ምርኮኞች አማካይነት ዳይን የተባለው የኢንተርኔት ድርጅት ተመታና ትዊተርን የመሰሉ ስመ ጥር አገልግሎቶች ለሰዓታት ተቋረጡ። ከባለቤቶቹ ብዙዎቹ ግን ዕቃቸው ለወንበዴ ሲያገለግል መዋሉን እንኳ አላወቁም።

እንግዲህ ራውተር ገዝቶ በቤቱ የሚተክል ሰው የሚከተሉትን ነገሮች ቢፈጽም ይጠቀማል።

1ኛ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ከፋብሪካ የመጣውን የአስተዳዳሪ የምሥጢር ቃል ይለውጥ። ለዋይፋዩም ሌላ ረጅም ቃል ያውጣ፤ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አራት ቃላትን ማጋጠም መልካም ነው። የስልክ ቁጥርና የልጅ ስም ግን ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው ነው።

2ኛ፤ የሬዲዮ ሞገድ ግድግዳና አጥር አያግደውም፤ ስለዚህ መልእክቱ በምሥጢር ጽሕፈት መጓዝ አለበት። ዌፕ የተባለው አሮጌ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2001 ተሰብሯል፤ ደብልዩ ፒ ኤ 2 ወይም 3 የሚለውን ይምረጥ። ደብልዩ ፒ ኤስ የሚባለውን አቋራጭ ደግሞ ይዝጋ፤ ስምንት አሐዝ ያለው ቁጥሩ በሁለት ተከፍሎ ስለሚመረመር ሌባው ከ11,000 ሙከራ በላይ አያስፈልገውም።

3ኛ፤ ፋብሪካው ቀዳዳ ሲገኝ የሚልከውን ማሻሻያ በየጊዜው ይጫን።

4ኛ፤ በጠረፍ ከተማ እንግዳ አይጠፋም፤ የመጣን ሰው ዋይፋይ መከልከልም በአገራችን ነውር ነው። መድኃኒቱ በራውተሩ ውስጥ ለእንግዳ የሚሆን ሌላ ስም መክፈት ነው። እንግዳው በሳሎን ተስተናግዶ ወደ ጓዳ እንደማይዘልቅ ሁሉ፣ ኢንተርኔቱን እየተጠቀመ የቤቱን ኮምፒውተር አያገኝም።

5ኛ፤ የመተማ ቆላ ፀሐይም ራሱ ጠላት ነው። የቤት ራውተር አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው እስከ 40 ዲግሪ ለሚደርስ ሙቀት ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ግን የቆላው ሙቀት ከዚህ ያልፋል። ስለዚህ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም በመስኮት ፀሐይ ላይ ሳይሆን ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ይቀመጥ። በክረምት መብረቅ ሲያስፈራም ከነሽቦው ይነቀል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለጨዋታ አይደለም። የሰሊጥ ነጋዴው ገንዘብ በቴሌብር ይተላለፋል፤ የወጣቱ ሹም ደብዳቤና የሕዝብ ሰነድ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያድራል። ሳይፈቀድለት በሌላ ሰው ኮምፒውተር የሚገባውን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይቀጣዋል፤ ነገር ግን ሕጉ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ንብረቱ ከሄደ በኋላ ነው።

በመጨረሻም ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ኬላው የሚመልሰው ሳይጠራ የመጣውን ብቻ መሆኑን አትርሳ። «ሽልማት ደርሶሃል፣ ይህን ንካ» የሚለውን መልእክት ተቀብለህ የነካህ እንደሆነ ሌባውን የጠራኸው አንተ ነህና ራውተሩ አያድንህም። የኬላ ብርታቱ በግንቡ ብቻ ሳይሆን በጠባቂው ንቃትም ነው።